ጋሽ ሰዓቱ የዘለሉት ፌርማታ

መናደድ የምወድ ሰው ነኝ፤ ይህን ከአንባቢ አልደብቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ፣ የሚያናድዱኝ ልጆች አብረውኝ ጡረታ አልወጡምና ንዴቴን የማፈስበት ቦታ አጣሁ። ተማሪዎቼ «አራት ነጥብ» ይሉኝ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩን አራት ነጥብ ሳያደርግ የጨረሰ ልጅ ከእኔ ማርክ አያገኝም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን አንዴ ለውኃ ክፍሉ፣ አንዴ ለመብራት ክፍሉ፣ በመጨረሻም ለአውቶቡስ ድርጅቱ ደብዳቤ መጻፍ ያዝኩ። ደብዳቤዎቼ አጫጭር፣ ጨዋና መርዛም ናቸው።

የአውቶቡሱ ነገር እንዲህ ነው። ዘወትር ጠዋት ከቤቴ አጠገብ ተሳፍሬ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ እወርዳለሁ። ፌርማታው ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን፣ ከክር ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ስለሆነ ሰው ሁሉ «ፋብሪካው» ይለዋል። ሹፌሩ ታዲያ ያን ፌርማታ ይዘላል። ሌላውን አይዘልም። ገበያው ጋ ይቆማል፣ ፖስታ ቤቱ ጋ ይቆማል፣ ወራጅም ተሳፋሪም በሌለበት እንኳ በሩን ከፍቶ ይዘጋል። ፋብሪካው ጋ ሲደርስ ግን «ወራጅ አለ!» ብዬ ጉሮሮዬ ቢሰነጠቅም ዝም ብሎ ያልፋል። የሚያቆመው ድልድዩ ጋ ነው። ከድልድዩ ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ ዳገት ነው፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። በዚያን ሰሞን ሹፌሩን በልቤ «አንተ» እያልኩ ነበር የምሰድበው፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ያን ቀን ግን ከመውረዴ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። አውቶቡሱ ፋብሪካውን አልፎ ወደ ድልድዩ ሲሮጥ «ጉዳዩ፦ ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ስለ ማመልከት» ብዬ ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት አንገቷን ሰገግ አድርጋ ታነብባለች። የሰው ጽሑፍ አጮልቆ ማንበብ ነውር መሆኑን ልነግራት ስል ቀደመችኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፣ ያን ሁለት ደብዳቤ የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«እባክዎ ሦስተኛውን አይላኩት።»

«አንቺ ማን ነሽ? የድርጅቱ ጠበቃ ነሽ?»

«አይደለሁም። ሹፌሩ አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ወንድም። ሦስተኛ ደብዳቤ ከመጣ ከመሪ ላይ ያነሷቸዋል። ሠላሳ ዓመት ነድተዋል። ከመሪ ከተነሱ ምን እንደሚሆኑ አላውቅም።»

ድልድዩ ጋ አብረን ወረድንና ዳገቱን አብረን ወጣን። ጉልበቴን አይታ ክንዴን ልትይዝ ስትል እምቢ አልኩ፤ ሁለተኛ ጊዜ ስትለምነኝ ግን ያዘችኝ።

«ዓይናቸውን ይታዩ» አልኳት።

«ታይተዋል። ጉንዳን ከሩቅ ይለያሉ።»

«እንግዲያው ንቀት ነው።»

«ንቀት አይደለም። ማለፋቸውን አያውቁትም።»

«ልጄ፣ አውቶቡስ የሚያህል ነገር ይዞ የሚያደርገውን የማያውቅ ሰው ካለ እኔ ከነገ ጀምሮ በእግሬ ነው የምሄደው።»

ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «የሚስታቸውን ሞት ሰምተዋል?» አለችኝ። አልሰማሁም። እሷም ነገረችኝ፦ ሚስትየው ከሞቱ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗል፤ በክር ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ይሠሩ ነበር፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሥራ ወጥተው በባላቸው አውቶቡስ ነበር ወደ ቤት የሚሄዱት። ፌርማታው መዘለል የጀመረው ከቀብሩ ሳምንት ነው። ሌላው ተሳፋሪ መላ አግኝቷል፤ አንዱ ስታዲየሙ ጋ ቀድሞ ይወርዳል፣ ሌላው የአውቶቡሱን ጎን በጡጫ ይደልቃል። «ሌላው ሰው ይረግማል እንጂ አይጽፍም፤ የሚጽፉት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ሰዎች የውስጣቸውን ሲያወሩ እሰማለሁ።»

«ለመስማት ደመወዝ ይከፍሉሻል?»

«ይከፍሉኛል።»

«እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ተናግሬ እንኳ ደህና አልተከፈለኝም» አልኳት። ቅዳሜ በምሳ ሰዓት የአውቶቡሶቹ ማዞሪያ ድረስ እንድመጣ ለመነችኝ። ሰውየውን ሰምቼ ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን ብልከው አትቀየመኝም። እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ርኅራኄ አልነበረም፤ ጉድ ለማየት ነው።

ቅዳሜ ሄድኩ። የሹፌሮቹ ማረፊያ ጠባብ ክፍል ናት፦ ግድግዳው ላይ የስምሪት ወረቀት፣ ከበሩ ጎን ቁልፍ የሚሰቀልበት ሚስማር የተመታበት ጣውላ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የሻይ ፔርሙዝ። ሁለት ሹፌሮች በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት፣ ዩኒፎርማቸው ጥርት ብሎ የተተኮሰው፣ የአንገታቸው ቁልፍ ግን በሌላ ቀለም ክር የተተከለው ሰው አጎቷ ነበሩ። ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ሰዓቱ» ይሏቸዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያረፈዱበት ቀን በጣት ይቆጠራል፤ ሰው ሰዓቱን የሚሞላው በእሳቸው አውቶቡስ ነው ይባላል።

«አጎቴ፣ እኚህ መምህር ናቸው። ሁለቱን ደብዳቤ የጻፉት እሳቸው ናቸው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንዲህ ብላ ታስተዋውቀኛለች ብዬ አልጠበቅሁም። ጋሽ ሰዓቱ ግን ብድግ ብለው ቦታቸውን ለቀቁልኝ።

«ይቀመጡ መምህር። ጽሑፍዎ ያምራል። የስምሪት ኃላፊው ሲያነብልኝ፣ የተሰደብኩት እኔ ባልሆን ኖሮ አጨበጭብ ነበር።»

«የሚያሰድብ ሥራ ሠርተው ነዋ፤ ለምንድን ነው የማያቆሙት?»

«እኔ እንደሚመስለኝ አቆማለሁ። ሁሉም ፌርማታ ላይ አቆማለሁ። ሰዉ አልፈሃል ይለኛል። እርስዎ አይዋሹም፤ እኔም አልዋሽም። እንዴት እንደሆነ አይገባኝም።»

«ሁለታችሁም አልዋሻችሁም» አለች ልጅቱ፤ ከእኛ ፊት ለፊት ተቀምጣ። «አጎቴ፣ እስቲ ጤና ጣቢያ መጥተው ከአንድ ሰው ጋር ያውሩ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩዎት?»

«ስሚኝ ልጄ። አእምሮዬን ምን ብዬ ነው የማሳየው? ጥርስ ነው እንዴ አፌን ከፍቼ የማሳየው?»

«አፍዎን መክፈትዎማ አይቀርም።»

ዳማ የሚጫወቱት ሳቁ። ጋሽ ሰዓቱም ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ሰው አብዷል ይለኛል። ያበደ ሹፌር ደግሞ ማንም አይሳፈርበትም።»

«ወገብዎን ሲያምዎት ሐኪም ዘንድ ሄደው የለም? ያኔ ማን አብደዋል አለዎት?»

«ወገብ ሌላ፣ የሆድ ነገር ሌላ። የሆድን ሆድ ይፍጀው ነው የሚባለው። እኔ አባቴን ቀብሬአለሁ፣ እናቴን ቀብሬአለሁ። አልቅሼ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። እሷንም ቀብሬአታለሁ፤ በሦስተኛው ቀን መሪ ይዣለሁ።»

«ለእትዬስ አለቀሱ?»

ጋሽ ሰዓቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «ሰው ብዙ ነበር» አሉ።

እዚህ ላይ ያልተጠበቀ ነገር አደረግሁ፤ ከሹፌሩ ጎን ቆምኩ። አንባቢ ሆይ፣ አይፍረዱብኝ። በእኔ ዘመን የተማረ ሰው ሀዘኑን ዋጥ አድርጎ ኮቱን ቆልፎ ነበር ከቤት የሚወጣው። «ልጄ፣ እኔም እንደ እሳቸው ነኝ» አልኳት። «ያልነካኩት ቁስል ይደርቃል። ደግሞ ይህ እናንተ የጤና ጣቢያ ሰዎች ስውር አእምሮ ነው ምን የምትሉት ነገር የት ነው ያለው? እኔ ካርታ ላይ የሌለ አገር አስተምሬ አላውቅም።»

«ድብቅ አእምሮ ነው የምንለው» አለችኝ በትሕትና፤ ወደ አጎቷም ዞረች። «አጎቴ፣ ማርሽ ሲቀይሩ ያስባሉ?»

«ምኑን አስባለሁ? ሠላሳ ዓመት የቀየርኩትን።»

«ዛሬ ጠዋት ፍሪሲዮን ስንት ጊዜ ረገጡ?»

«ኧረ ማን ይቆጥረዋል። እግሬ ያውቀዋል።»

«እንግዲያው እግርዎ የሚያውቀው፣ እርስዎ ግን የማያውቁት ነገር አለ።»

«ልማድ ነዋ።»

«ልማዱ የት ነው የሚቀመጠው? እኛ ድብቅ አእምሮ የምንለው እሱኑ ነው፤ የተለየ ተአምር የለውም። አሁን ከእኔ ጋር የሚከራከረኝ ንቁ አእምሮዎ ነው። ያኛው አይከራከርም፤ ዝም ብሎ ይሠራል። ማርሽ ይቀይርልዎታል። ሰው ሊሸከመው የማይችለው ነገር ሲመጣበትም ተቀብሎ ያስቀምጥለታል። ክፉ አይደለም አጎቴ፣ ደግ ነው። ግን ያስቀመጠውን አይጥለውም። ባለቤቱ መጥቶ እስኪጠይቀው ድረስ ያቆየዋል። ባለቤቱ ካልመጣ በሌላ በር ያወጣዋል፤ ለአንዱ በራስ ምታት፣ ለአንዱ በእግሩ፣ ለአንዱ ደግሞ በሰው ላይ በመቆጣት።»

የመጨረሻዋን ቃል ስትል ወደ እኔ አየች።

«ምነው ወደ እኔ አየሽ?»

«መምህር፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቀጠሮ አለዎት እንዴ?»

«ቀጠሮ የለኝም።»

«የሚጠብቅዎት ሰውስ?»

«የለም።»

«ታዲያ አሥር ደቂቃ ማርፈድ ሁለት ደብዳቤ የሚያስጽፈው ለምንድን ነው?»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ሰው እየሰማ አልቻልኩም እንጂ መልሱስ ነበረኝ፤ ለአንባቢ ልንገር። እኔ አሥር ደቂቃ ባረፍድ፣ አንድ ሰዓት ባረፍድ፣ ጨርሶ ባልመጣ፣ «የት ቀረ?» የሚል ሰው የለም። ያ አውቶቡስ ባለፈኝ ቁጥር ይህን ያስታውሰኝ ነበር። ንዴቴ የጉልበቴ መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

ጋሽ ሰዓቱ የእኔን ዝምታ አይተው ደፈር አሉ። «አየሽ? መምህርንም አፍ አስያዝሻቸው፤ ግን አላሳመንሽኝም። ይህ የቃላት ጨዋታ ነው። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።»

«እሺ» አለች። «መስመርዎ መነሻውን ሳይጨምር ስንት ፌርማታ አለው?»

«አሥራ ሁለት።»

«እስቲ ይቁጠሩልኝ።»

«ሕፃን ታደርጊኛለሽ?»

«ለእኔ ሲሉ።»

ጋሽ ሰዓቱ እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ገበያው፣ ፖስታ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ነዳጅ ማደያው፣ ሆስፒታሉ፣ ስታዲየሙ፣ ድልድዩ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ እንጨት መሰንጠቂያው፣ የውኃ ታንከሩ፣ ማዞሪያው። አሥራ...» ጣታቸውን አዩ። «አሥራ አንድ።»

«አሥራ ሁለት ነው ያሉኝ።»

«አሥራ ሁለት ነው። ተሳስቼ ነው።» እንደገና ቆጠሩ፤ አሁን ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ጣት እየያዙ። እንደገና አሥራ አንድ ሆነ። ዳማውን የሚጫወተው አንደኛው ሹፌር ሊነግራቸው ሲል ልጅቱ በእጇ ዝም አሰኘችው። እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪ አንድ ከተማ ከካርታው ላይ ሲዘል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሠላሳ ዓመት መንገዱን የሚዘል ሰው ግን አላየሁም።

በሦስተኛው ዙር ስታዲየሙ ላይ ቆሙ። ስድስተኛውን ጣታቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ከስታዲየሙ ቀጥሎ...» አሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። «ከስታዲየሙ ቀጥሎ...» ደገሙት። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ፋብሪካው» አሉ፤ ድምፃቸው ለእኔም አልደረሰም፣ ከከንፈራቸው ነው ያነበብኩት።

ሁለቱ ሹፌሮች ቆርኪዎቹን እንደተደረደሩ ትተው ወጡ። በሩንም ከኋላቸው ገርበብ አደረጉት። ጨዋ ሰዎች ነበሩ።

«ሰው ሁሉ ወንበር እያለላት ትቆማለች ይላት ነበር» አሉ ጋሽ ሰዓቱ። «ስምንት ሰዓት ሙሉ ማሽን ፊት ቆማ አድራ፣ አውቶቡሴ ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ አትቀመጥም። እኔ አጠገብ፣ 'ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው' ከሚለው ጽሑፍ ሥር ትቆማለች። አታናግረኝም። ከፀጉሯ ላይ የክር ብናኝ እያነሳች ዝም ትላለች። እዚህ ማዞሪያው ጋ ስንደርስ ሞተሩን ሳጠፋ 'አሁን ይፈቀዳል?' ትለኛለች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ እንደዚህ ትለኝ ነበር። በየቀኑ እስቅላት ነበር።»

ልጅቱ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«ያን ቀን መንገድ ተዘግቶ ሦስት ደቂቃ ዘግይቻለሁ። ስሜ ደግሞ ሰዓቱ ነው። ፋብሪካው ጋ የቆመውን ሰው ቶሎ ጫንኩ። በሩን ልዘጋ ስል በመስታወት አየኋት፤ ከፋብሪካው በር እየሮጠች ነው። እጇን አነሳችልኝ። አንድ ደቂቃ ብጠብቃት ትደርስ ነበር። አልጠበቅኋትም። በሚቀጥለው አውቶቡስ ትመጣለች፣ ቤት ስገባ ትቆጣኛለች፣ እኔም እስቃለሁ ብዬ ነዳሁ። እዚያው ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነው የሞተችው። እዚህ ስደርስ ስልኩ ይጮህ ነበር።»

«ይህን አልነገሩንም» አለች ልጅቱ። ዓይኗ ሞልቷል።

«ለማንም አልነገርኩም።»

«አጎቴ፣ ሐኪሙ ልባቸው...»

«አውቃለሁ። ልቧ ነው፣ አውቶቡሱ ውስጥም ብትሆን ያው ነበር ብሎኛል። ያው አይደለም። አጠገቤ ትሆን ነበር።»

መሐረቤን አውጥቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ለሁሉ ነገር ዓረፍተ ነገር አለኝ ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ።

ጋሽ ሰዓቱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደገና ጀመሩ፤ አሁን የሚናገሩት ለእኛ አልመሰለኝም። «ካቆምኩ በሩን መክፈት አለብኝ። በሩን ከከፈትኩ እሷ አትገባም። ሳላቆም ሳልፍ ግን ከኋላዬ እየሮጠች ነው። እጇን እንዳነሳች ነው። ገና አልሞተችም።» ከዚያ አለቀሱ። ዓመት ከሁለት ወር ያቆዩት እንባ ነበርና ቶሎ አላበቃም። ልጅቱ አላባበለቻቸውም፤ ይበቃዎታል፣ ወንድ ልጅ አይደሉም ወይ አላለቻቸውም። ዝም ብላ ጠበቀች። ለመስማት ደመወዝ ለምን እንደሚከፈል ያን ጊዜ ገባኝ።

ፊታቸውን በመሐረብ ጠርገው ሲጨርሱ «ቀኑ መቼ ነው ያልሽኝ?» አሏት።

«ሐሙስ። ግን የምሰማዎት እኔ አይደለሁም። እኔ ዘመድ ነኝ፤ ዘመድ አብሮ ያለቅሳል እንጂ አያክምም። አንዲት ባልደረባ አለችኝ።»

«ምን እላታለሁ?»

«አሁን ለእኛ ያሉንን። ከዚያ ደግሞ ያላሉንን።»

«ያላልኳችሁ ምን አለ?»

«እኔ እንጃ። እርስዎም ገና አያውቁትም።»

አንባቢ እዚህ ላይ ታሪኩ አለቀ፣ ሽማግሌው በማግሥቱ ፌርማታው ላይ አቆሙ ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። እንዲያ አልሆነም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አብሬአቸው ተሳፈርኩ፤ ፋብሪካው ጋ ሲደርሱ እንደ ወትሮው አለፉ። ስታዲየሙ ጋ ሲያቆሙ ግን ወደ ኋላ ዞረው «መምህር፣ አለፍኩ አይደል?» አሉኝ። አለፉ አልኳቸው። አንድ ዓመት ሙሉ ሳያውቁት ያደረጉትን ያን ቀን አውቀውት አደረጉት። ልጅቱ በኋላ ስነግራት ግማሹ መንገድ ይኸው ነው አለችኝ። ሰው የሚያደርገውን እያየ ካላደረገ አያቆመውም።

ሰኞ ጋሽ ሰዓቱ ራሳቸው ስምሪት ኃላፊው ዘንድ ገብተው እስክሻል ድረስ ከመሪ አንሱኝ አሉ። እኔም ሦስተኛውን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ይህ ሰው ቦታው ይጠበቅለት የሚል ነው። ሁለት ወር ተኩል ግቢ ውስጥ አውቶቡስ ሲያጥቡ ከረሙ። እንደ እሳቸው ላለ ሹፌር ባልዲ ይዞ መዋል ቀላል አይደለም፤ የሚቀልዱባቸውም አልጠፉም። ሐሙስ ሐሙስ ግን ጤና ጣቢያ አይቀሩም ነበር። አንዳንዱ ሐሙስ አልቅሰው ይመለሳሉ፣ አንዳንዱ ሐሙስ ተቆጥተው። አንድ ሐሙስ ስለ ሚስታቸው ሳይሆን ስለ አባታቸው ብቻ ሲያወሩ ሰዓቱ እንዳለቀ ነገሩኝ። በልጅነታቸው አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ ዘግይተው ቢመጡ አባታቸው በሩን ዘግተውባቸው ዝናብ ላይ አሳድረዋቸዋል። ሰዓት ማክበር የኩራታቸው ሁሉ ምንጭ ይመስላቸው ነበር፤ ለካ ሥሩ ፍርሃት ነው።

የለውጡን ጥቅም ልዘርዝር፤ የዚህ ዓይነት ታሪክ ጸሐፊ ግዴታ ነውና። ጋሽ ሰዓቱ እንቅልፍ ተመለሰላቸው። ዘወትር ጠዋት የሚይዛቸው ራስ ምታት ተወ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አብራቸው የምትኖረው የሴት ልጃቸው ነገር ነው፤ እሷም እናቷ ከሞቱ ጀምሮ አባቷ ፊት የእናቷን ስም ጠርታ አታውቅም ነበር። አሁን ማታ ማታ አባትና ልጅ ስለ እናትየዋ ያወራሉ፣ ይስቃሉም። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ባልዲ እንደያዙ «ናፍቆቱስ ቀነሰልዎት?» አልኳቸው። «ጨመረብኝ እንጂ» አሉኝ። «ድሮ አይናፍቀኝም ነበር፤ እሸሽ ነበር። አሁን ግን ትናፍቀኛለች። ቁጭ ብዬ ትናፍቀኛለች።» ይህን ጥቅም ነው ብዬ መቁጠር ይገባኝ እንደሆነ ብዙ አሰብኩ፤ እቆጥረዋለሁ።

እኔስ? ሰውነታችንን በየቀኑ እንታጠባለን፣ ለጥርሳችን ሐኪም እንፈልጋለን፤ በውስጣችን ያለውን ግን ሆድ ይፍጀው እንላለን፤ የሚፈጀውም ሆዳችንን ነው። ይህን ምክር ለሌላው ለመስጠት ቸኩዬ ራሴ ሐሙስን እስካሁን አልደፈርኩም። ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ለተኳረፍኳት ታላቅ እህቴ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቅሬታ የሌለበት ደብዳቤ ስለሆነ አራት ቀን ፈጀብኝ። በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ፤ «የት ጠፍተህ ነው?» ይላል።

ጋሽ ሰዓቱ ወደ መሪያቸው የተመለሱበትን ጠዋት ልንገርና ላብቃ። የእህታቸው ልጅ ጤና ጣቢያ ሥራ ላይ ነበረች፤ እኔ ብቻ ነበርኩ ጉዳዩን የማውቀው። ስታዲየሙን ስናልፍ ከኋላቸው ቆሜ አንገታቸውን አያለሁ። «ወራጅ አለ» አላልኩም። ፍሬኑ ሲያዝ ተሰማኝ። አውቶቡሱ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት፣ ከአግዳሚው አጠገብ ቆመ። በሩ ተከፈተ።

ወረድኩ። ሌላ ወራጅ አልነበረም፤ የሚሳፈርም አልነበረም። የፋብሪካው ፈረቃ ወጥቶ አልቋል፣ አግዳሚው ባዶ ነው። ዞር ብዬ ሳይ ጋሽ ሰዓቱ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው በተከፈተው በር ወደ ባዶው አግዳሚ ያያሉ። አውቶቡሱ መነሳት ያለበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ከውስጥ አንድ ሰው «ሹፌር፣ እንሂድ እንጂ! ሰዓት ሄደብን እኮ!» አለ።

«አንድ ደቂቃ» አሉ ጋሽ ሰዓቱ። «አንድ ደቂቃ ስጡኝ።»

ማንም ሁለተኛ አልተናገረም። እኔም ከመንገዱ ዳር ሆኜ አብሬአቸው ጠበቅሁ። ከዚያ በሩን ዘጉና ቀስ ብለው ወደ ድልድዩ ወረዱ።

ሹፌር ሲዘገይ ማዞሪያው ላይ ምክንያቱን በስምሪት ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ልጅቱ በኋላ ወረቀቱን አሳየችኝ፤ የስምሪት ኃላፊው ምንም ሳይጠይቅ ፈርሞበታል። በጋሽ ሰዓቱ ጠባብ ጽሕፈት «የዘገየበት ጊዜ፦ አንድ ደቂቃ። ምክንያት፦ ሰው ስጠብቅ።» ይላል።